አንድ መድኃኒት ወይስ ሁለት? ከጮቄ ሥር የመጣችው ምራት ጉዳይ

ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ሁለት ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ወደ ክፍላችን ገቡ። አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሌላዋ የልጃቸው ሚስት፣ 27 ዓመቷ። አሮጊቷ ገና ሳይቀመጡ «ምራቴ ደም አየች» አሉ። በክትትሉ ጊዜ ሁላችንም «ምራት» ማለትን ስለለመድን እዚህም በዚሁ እጠራታለሁ። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን ሊያስለዩ የሚችሉ ጥቂት ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። እኔ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጥያቄው በማኅፀን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈን ፅንስ ለማስወጣት አንድ መድኃኒት ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል የሚለው ነው።

ምራት የመጨረሻ የወር አበባዋን የቆጠረችው በበዓል ነው፤ «ከግንቦት ልደታ በአራተኛው ቀን» አለችኝ። በበዓል የተቆጠረ ቀን ብዙ አይዛነፍም፤ እኔ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ይልቅ እርሱን አምናለሁ። በዚህ ስሌት እርግዝናዋ 12 ሳምንት ከአራት ቀን ሆኖታል። ላለፉት አራት ቀናት የቡና አተላ የመሰለ ደም ትንሽ በትንሹ አይታለች። ቁርጠት የለባትም። ስጠይቃት ጊዜ ማቅለሽለሹ በሐምሌ አጋማሽ ድንገት እንደተዋት ነገረችኝ። አማቷ ይህን የቆጠሩት እንደ ደግ ምልክት ነበር፤ «ፅንሱ ቦታውን ያዘ» ብለው።

ማኅፀኗ ከተቆጠረው ቀን ያነሰ ነው፤ በሩም ዝግ ነው። በአልትራሳውንድ የታየው ፅንስ ርዝመቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ የልብ ምት የሌለው። ፅንስ 7 ሚሊ ሜትር ደርሶ ወይም አልፎ ልቡ ካልታየ እርግዝናው እንደቆመ ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ቀን ሰጥቶ ደግሞ ማየት ግድ ነው። የእርሷ ከወሰኑ በእጅጉ ስለሚርቅ ጥርጣሬ አልነበረንም። ቢሆንም ሐኪሙ በራሱ እጅ ደግሞ አየላት፤ እንዲህ ያለውን ዜና አንድ ዓይን ብቻ አይቶት መናገር አልወድም። 19 ሚሊ ሜትር ማለት የስምንት ሳምንት ተኩል ያህል ፅንስ ነው። ስለዚህ የቆመው በሐምሌ መጀመሪያ ቀናት ሲሆን ምራት አንድ ወር ሙሉ ሳታውቅ ይዛው ኖራለች።

የደም ዓይነቷ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ይህን ለብቻው የምጠቅሰው በአማቷ ምክንያት ነው። ምራት የስድስት ዓመት ልጅ አላት፤ በ2012 ዓ.ም. ሌላ እርግዝና ጨንግፎባታል፤ ይህኛው ሲጨመር ሁለተኛ ነው። አማቷ «ሾተላይ አለባት» አሉ። እኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን ቃል ወስደን ለእናትና ለፅንስ የደም አለመጣጣም ስም አድርገነዋል። ስለዚህ ውጤቱን እያሳየሁ ደሟ ፖዘቲቭ እንደሆነና ሾተላይ ሊሆን እንደማይችል በኩራት አስረዳኋቸው። አሮጊቷ ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ የደሙን መች አልኩ፣ ልጄ» አሉ። እርሳቸው የሚሉት ሾተላይ ከእኛ በፊት የነበረው፣ ፅንስና ጨቅላ እየቀጠፈ የሚሄደው መንፈስ ነው። ቃሉን የተዋስነው እኛ ነን፤ ባለቤቶቹ ግን አልሰጡንም።

ለምራት ያልኳት ይህን ነው፦ ከታወቁ እርግዝናዎች ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት እንዲህ ይቋረጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ ገና ሲጸነሱ የክሮሞዞም ጉድለት ያለባቸው ናቸው። እንስራ መሸከሟም፣ ማጨዷም፣ ከባሏ መጣላቷም አይደለም። አንገቷን ነቀነቀች። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ችግር መጣ። ካርዷ ላይ ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ ሥር በእንግሊዝኛ የጻፈውን፣ እስከ ዘጠነኛ ክፍል የተማረችው ምራት ፊደል እየቆጠረች አነበበችው፤ «አቦርሽን» ይላል። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሲስተር፣ እኔ አላስወረድኩም» አለችኝ። በአማርኛ «ጨነገፈባት» እና «አስወረደች» ሰማይና ምድር ናቸው፤ አንደኛዋ ትጽናናለች፣ ሁለተኛዋ ትታማለች። «ውርጃ» የሚለው ስም ግን ሁለቱንም ያቅፋል፤ የሕክምናው ቋንቋም እንደዚሁ ያደባልቃቸዋል። ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። በኋላ እንደምናየው ግን የትኛው መድኃኒት በየትኛው ቁም ሣጥን እንደሚቆለፍም የሚወስነው ይኸው ቃል ነው።

ምርጫዎቹ አራት ነበሩ። አካሉ በራሱ እስኪያወጣው መጠበቅ፤ በእጅ በሚሠራ የቫኪዩም መሣሪያ ማጽዳት፤ ሚዞፕሮስቶል ብቻውን መስጠት፤ ወይም ሚፌፕሪስቶን አስቀድሞ ሚዞፕሮስቶልን ማስከተል።

መጠበቁን ራሷ ጣለችው፤ ምክንያቷንም ከየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አላገኘሁትም። ጊዜው ፍልሰታ ነው። አገሩ በሙሉ በየቀኑ ቅዳሴ ይሄዳል። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ስለዚህ በፍልሰታ ከቅጥሩ ውጭ የቆመች ሴት ለመንደሩ ሁሉ ምን እንደሆነች ሳትናገር ተናግራለች ማለት ነው። የቆመ ፅንስ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። «ለነሐሴ 16 ብቻ ልድረስ» አለች። በጥናቶቹ ውስጥ የደም መፍሰስ ቀናት ተቆጥረዋል፤ ከቅጥር ውጭ የተቆመበትን ቀን የቆጠረ ግን አላየሁም።

ማጽዳቱ ከሁሉም እርግጠኛው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ 652 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት 800 ማይክሮግራም ሚዞፕሮስቶልን ከቫኪዩም ጋር አነጻጽሯል። በመድኃኒቱ በሦስተኛው ቀን ከመቶ 71፣ አስፈላጊ ለሆነባቸው ሁለተኛ መጠን ተጨምሮ በስምንተኛው ቀን ከመቶ 84 ተሳክቶላቸዋል። በቫኪዩም የተሳካላቸው ከመቶ 97 ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ክርክሩ እዚህ ያበቃል። ምራት ግን መሣሪያውን ታውቀዋለች።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በአሥረኛው ሳምንት፣ ሌላ ቦታ ታይታ ፅንሱ መቆሙ ተነገራት። ባሏ ከአንድ መድኃኒት ቤት በወረቀት የተጠቀለለ ሦስት ክኒን ገዝቶ መጣ። ዋጠችው። ሁለት ቀን ደማች፣ የተወሰነ ነገር ወረደ፣ ቤተሰቡም አለቀ ብሎ አረፈ። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መጣ። ከጮቄ የሚወርደውን ወንዝ በቃሬዛ አሻግረዋት በቫኪዩም ተጸዳች፤ ማደንዘዣው በወጉ ሳይሠራ ነበር ሥራው የተጀመረው። «ያንን ዳግም ከምቀምስ እዚሁ ልሙት» ስትል አማቷ አፏን በእጃቸው ያዙ።

እነዚያን ሦስት ክኒኖች ላስረዳ፤ ሻጩ ምን አስቦ እንደሰጠ ይገባኛል። ሚዞፕሮስቶል ባለ 200 ማይክሮግራም ክኒን ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለጨጓራ ቁስል ነበር፤ በአገራችን ገጠር የታወቀው ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ደም ለመከላከል ነው። ለዚያ የሚሰጠው ሦስት ክኒን በአፍ፣ ማለትም 600 ማይክሮግራም ነው። ፅንሱ በከፊል ወርዶ የማኅፀን በር ለተከፈተባት ሴትም በአፍ የሚሰጠው መጠን 600 ነው። በሩ ዝግ ሆኖ ፅንሱ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ላለባት ግን በጥናት የተደገፈው 800 ማይክሮግራም፣ አራት ክኒን፣ በብልት በኩል የሚቀመጥ ነው። ሦስት የሚለው ቁጥር ከአንዱ ችግር ወደ ሌላው ተሻግሮ ነው የመጣባት። በዚያ ላይ ይህ መድኃኒት እርጥበት አይወድም፤ ከአሉሚኒየም ማሸጊያው ወጥቶ በወረቀት በሰኔ ዝናብ የተጓዘ ክኒን ምን ያህል ኃይል እንደቀረው እንጃ። ስለዚህ የ2012ቱን ከአሁኑ ጋር አስተያይቼ «ይኸው አንዱ አልሠራም፣ ሁለቱ ሠራ» ብል ራሴን እሸነግላለሁ። መጠኑም፣ መንገዱም፣ ማሸጊያውም ልክ አልነበረም።

ንጽጽሩን ከእርሷ ታሪክ ሳይሆን ከሰፋፊ ጥናቶች ነው መውሰድ ያለብን። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ300 ሴቶች ላይ የተደረገው አንዱ ነው። ግማሾቹ 200 ሚሊግራም ሚፌፕሪስቶን ውጠው ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ 800 ማይክሮግራም ሚዞፕሮስቶል ወሰዱ፤ ግማሾቹ ሚዞፕሮስቶል ብቻ። እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ በአንድ ዙር ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሁለቱን ከወሰዱት ከመቶ 83.8፣ አንዱን ከወሰዱት 67.1 ነበሩ። በ30 ቀን ውስጥ በመሣሪያ መጽዳት ያስፈለጋቸው ደግሞ 8.8 እና 23.5። ሁለት ዓመት ቆይቶ ብሪታንያ ውስጥ በ28 ሆስፒታሎች 711 ሴቶች የተሳተፉበት፣ ማን ምን እንደወሰደ ተሸፍኖ የተካሄደ ጥናት ወጣ። በሰባት ቀን ውስጥ ያልወረደላቸው በሁለቱ 17፣ በአንዱ 24 ከመቶ፤ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት 17 እና 25። ልዩነቱ ከአሜሪካው ጠበብ ይላል፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው።

ሰው ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ሲያነብ የሚያየው «የተሳካ» የሚለውን ረድፍ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላኛው ረድፍ ነው፤ ተመልሰው ወደ መሣሪያው የመጡት። በብሪታንያው ጥናት ከመቶ ሴት ስምንቷ፣ በአሜሪካው አሥራ አምስቷ ያህል ሁለተኛው መድኃኒት በመጨመሩ ከዚያ ጉዞ ዳነች። እዚያ አገር ያ ጉዞ አምቡላንስ ነው። ለምራት ግን የሦስት ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት፣ ከሰዓት በኋላ የሚሞላ ወንዝ፣ አራት ወንድ ከእርሻ ፈትቶ የሚሸከመው ቃሬዛ ነው። እንዲህ ሲታይ ሁለተኛው መድኃኒት ቅንጦት አይደለም። ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ለምትኖር ሴት አንዱ ሊበቃት ይችላል፤ ካልሠራ ነገ ትመለሳለች። ሁለቱ የሚገቡት ለሩቋ ነው፤ በሥራችን ግን የሚደርሱት ለእርሷ ሳይሆን ለከተማዋ ነው።

ሚፌፕሪስቶን የሚሠራው እርግዝናን የሚያጸናውን ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ቦታውን ይዞ በመከልከል ነው፤ የማኅፀንን በር ያለሰልሳል፣ ማኅፀኑም ለቀጣዩ መድኃኒት ንቁ እንዲሆን ያደርጋል። ሚዞፕሮስቶል ደግሞ ያኮማትረዋል። ይህን ከሰዓት በኋላ ለደረሰው ባሏ ስነግረው «አንደኛው ዝናቡ፣ ሁለተኛው በሬው ነዋ» አለ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ባሎችም የምነግራቸው በእርሱ ቃል ነው።

ከመወሰናችን በፊት አንድ ነገር አሳስቦን ነበር። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር፣ 11.2 ነው፤ ለነፍሰ ጡር ወሰኑ 11 ስለሆነ ተለማማጁ ደህና ብሎ ጽፎታል። ግን የምንሠራው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ደም በተፈጥሮው ስለሚወፍር በዚህ ከፍታ ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ ነው የሚነበበው። ስለዚህ የምራት እውነተኛ ቁጥር 10 አካባቢ ነው፤ መጠነኛ የደም ማነስ አለባት። በአሜሪካው ጥናት ደም እስከ መሰጠት የደረሱት ሁለቱን ከወሰዱት ከመቶ 2፣ አንዱን ከወሰዱት 0.7 ነበሩ፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ልዩነቱ በዕድል ሊመጣ ይችላል፤ ችላ የሚባል ግን አይደለም። ውሳኔያችን ይህ ሆነ፦ ሁለቱን ትወስዳለች፤ ወንዙን ተሻግራ ግን አትሄድም። በከተማው የምትኖር የአክስቷ ልጅ ቤት ትቆያለች።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ። ሚፌፕሪስቶን በእኛ ዘንድ ለብቻው አይመጣም፤ አንድ ባለ 200 ሚሊግራም ክኒንና አራት ሚዞፕሮስቶል አብረው በታሸጉበት ጥቅል ነው። በአጋጣሚ ልክ የአሜሪካው ጥናት መጠን ነው። ጥቅሉ የሚቀመጠው በሕግ በተፈቀዱ ምክንያቶች እርግዝና በሚቋረጥበት ክፍል ነው፤ የሚወጣውም በዚያ ክፍል መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ካሉት ምክንያቶች ውስጥ «ፅንሱ ቀድሞ ሞቷል» የሚል መስመር የለም። ስለዚህ ለዓመታት እንዲህ ያለች ሴት ስትመጣ የምንሰጠው ከማዋለጃው መደርደሪያ ላይ ያለውን ሚዞፕሮስቶል ብቻ ነበር፤ ማንም ከልክሎን ሳይሆን ሌላው መድኃኒት የሌላ ክፍል ስለሆነ። ያን ቀን የክፍሉ ኃላፊ ቁልፉን ይዛ ምሳ ወጥታ ነበር። ስትመለስ «ይህቺ የእኔ ታካሚ አይደለችም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በመዝገቡ መሠረት አይደለችም። ሐኪሙ በጽሑፍ ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥቅል ሰጠችን። በመዝገቡ ኅዳግ ላይ በእጄ «ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ የሞተ» ብዬ ጻፍኩ። ምራትም አየችው፤ ካርዷ ላይም እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ ጻፍኩላት።

ክኒኑን ስሰጣት ሰዓቷን ጠየቀች። ጾመኛ ናት፤ ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ናት ብላትም እስከ 9 ሰዓት ልጠብቅ አለች። ምንም ስለማይጎዳ ተስማማሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሚፌፕሪስቶኑን ዋጠች፤ በማግስቱ ነሐሴ 4 በ10 ሰዓት አራቱን ክኒኖች አስቀመጥንላት፤ አስቀድማ አይቡፕሮፌን ወስዳለች። ወደ አክስቷ ልጅ ቤት ስትሄድ ሃያ የንጽሕና መጠበቂያ አስያዝናት። የአደጋ ምልክቱ በሰዓት ሁለት ትልልቅ መጠበቂያ ሙሉ በሙሉ ከራሰና ይህም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ የሚል ነው፤ ቤቷ በጨርቅ የምትጠቀም ሴት በምን ትለካው?

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ወጣች። አማቷ ወባ ነው ብለው ሊያመጧት ተነሥተው ነበር። ሚዞፕሮስቶል የሚያመጣው መሆኑንና ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት ብቻ እንደሚያሰጋ በስልክ አረጋጋኋቸው። ከ2 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ኃይለኛ ቁርጠት፣ ከዚያ ደም፣ ከዚያ ፅንሱን የያዘው ከረጢት። ክኒኑ ከተቀመጠ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። በዚያች ሌሊት የራሱት መጠበቂያዎች አምስት ናቸው። አማቷ ከረጢቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ማለዳ ይዘውት መጡ፤ ከተመለከትነው በኋላ ይዘውት ሄዱ። የት እንዳሳረፉት አልጠየቅሁም።

ነሐሴ 11 ቀን ለቀጠሮ ስትመጣ ከረጢቱ የለም፤ የማኅፀኗ ሽፋን ግን 17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው። ተለማማጁ «ቀሪ አለ፣ ይጸዳ» ብሎ መሣሪያውን ሊያሰናዳ ሄደ። ምራት ቃሉን ስትሰማ ከአልጋው ወረደች። ትኩሳት የላትም፣ ሕመም የላትም፣ ደሟ እየቀነሰ ነው፤ በዚህ ሁኔታ የሽፋን ውፍረት ብቻውን የማጽዳት ምክንያት አይሆንም። በጥናቶች እንኳ ከረጢቱ ከሌለ እስከ 30 ሚሊ ሜትር እንደ ተሳካ የተቆጠረበት አለ። በእኔ ግምት በአካባቢያችን «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብለው ከሚጸዱት ሴቶች ቀላል የማይባሉት መድኃኒቱ የሠራላቸው ናቸው። አይረንና ፎሊክ አሲድ ይዛ ሄደች።

በዓሉን ግን አልደረሰችም። ነጠብጣቡ እስከ ነሐሴ 19 ቀጠለ፤ ከሚዞፕሮስቶሉ በኋላ ሁለት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል ነግረናት ነበር፤ እርሷ ግን «ሁለቱ ሲሆን ቶሎ ይደርቃል» ብላ ተስፋ አድርጋ ኖሯል። ሁለቱ መድኃኒት ቶሎ የሚያወጣው ፅንሱን ነው። ነሐሴ 16 ቀን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ቆማ አስቀደሰች። አማቷ አብረዋት ቆሙ።

በመስከረም መጨረሻ ሄሞግሎቢኗ 12.4 ሆኖ ተገኘ። መቼ ልታረግዝ እንደምትችል ጠየቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. የሰጠው ምክር ስድስት ወር መቆየት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስኮትላንድ ውስጥ የተደረገ ሰፊ ጥናት ግን በስድስት ወር ውስጥ ያረገዙት የባሰ ነገር እንዳልገጠማቸው አሳይቷል። ስለዚህ ደሟ ከሞላና ልቧ ከፈቀደ በቂ መሆኑን ነገርኳት። «ልቤ ከፋሲካ በኋላ ነው» አለች፤ እስከዚያ የሚያቆያት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ጀመረች።

አማቷን ደግሞ ያየኋቸው ጥቅምት ላይ ነው። የጎረቤታቸውን ልጅ ይዘው መጥተው ከበሩ ላይ «የምራቴን ስጧት» አሉኝ። ልጅቱን መረመርኳት። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት፣ የማኅፀኗ በር ተከፍቷል፣ ፅንሱ ወርዶ ቅሪት ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ላለችው ሚፌፕሪስቶን የሚጨምርላት ነገር የለም፤ 400 ማይክሮግራም ሚዞፕሮስቶል፣ ሁለት ክኒን፣ ከምላሷ ሥር አደረግሁላት። አማቷ ተጠግተው ክኒኖቹን ቆጠሩ። «ለምራቴ አምስት ነበር፤ ይህቺ የእኔ ስላልሆነች ነው?» አሉ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ከበሬውና ከዝናቡ ጀመርኩላቸው።